አሜሪካኖቹ ሲሄዱ ሲምፕሰን ቀረ

በ1851 (በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ቅኝ ግዛት ወርቅ መገኘቱ ሲሰማ የሜልቦርን ወደብ በመርከብ ተጨናነቀ። ከእንግሊዝ፣ ከአየርላንድ፣ ከቻይና፣ ከአሜሪካም ሰው ጎረፈ። አሜሪካኖቹ ከወርቁ ሌላ ብዙ ነገር ትተዋል። ፍሪማን ኮብ የሚባል ወጣት ከሦስት የአገሩ ልጆች ጋር ሆኖ በ1853 ሜልቦርን ላይ የሠረገላ ማመላለሻ አቋቋመ፤ በስሙ የሚጠራው ድርጅት ሰባ ዓመት ያህል በአውስትራሊያ መንገዶች ሲመላለስ ኖረ። ቤዝቦልም ያኔ በወርቅ ማውጫ ሰፈሮች ከሥራ መልስ ይጫወቱት እንደነበር ይነገራል።

ከእነዚያ አሜሪካኖች መካከል ጆን ጆሴፍ የሚባል ጥቁር ሰው ነበር። በ1854 በባላራት ወርቅ ቆፋሪዎች በመንግሥት ላይ ባመፁ ጊዜ ተይዞ በአገር ክህደት ተከሰሰ። ከተከሳሾቹ ሁሉ አስቀድሞ ለፍርድ የቀረበው እሱ ነው። በ1855 የሜልቦርን ዳኞች በነፃ ሲያሰናብቱት ሕዝቡ በወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ተሸክሞ በከተማው ጎዳና አዞረው። ይህን ሰው አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደፊት ሌላ ጥቁር አሜሪካዊ በዚያው ከተማ እናገኛለንና።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ሁለት ቡድን ነው፤ በየቡድኑ ዘጠኝ ሰው። ወርዋሪው ኳሷን ይለቃል፤ የተቃራኒው ቡድን መቺ ድቡልቡል ዱላ ይዞ ይጠብቃታል። በደንብ ከመታት ዱላውን ጥሎ ይሮጣል። በሜዳው ላይ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ማረፊያዎች አሉ፤ ሦስቱን አልፎ መነሻው ላይ ከተመለሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስቆጥራል። ከመቺዎቹ ሦስት ሰው ሲወጣ ተራው ለሌላው ቡድን ይሆናል። ይህ ዘጠኝ ጊዜ ሲደጋገም ጨዋታው ያበቃል። እንግሊዞች በየቅኝ ግዛታቸው ያስፋፉት ክሪኬት ለቀናት ሲዘልቅ፣ ቤዝቦል በዚያ ዘመን በሁለት ሰዓት ግድም ያልቅ ነበር።

በሜልቦርን ጨዋታው በወጉ የታየው በ1888 ነው። ያመጣው አልበርት ስፖልዲንግ የሚባል ነጋዴ ነበር። በወጣትነቱ የታወቀ ወርዋሪ ነበረ፤ በ1876 ከወንድሙ ጋር የስፖርት ዕቃ ንግድ ከፈተ፤ በኋላም የቺካጎ ዋይት ስቶኪንግስ ቡድን ባለቤት ሆነ። ኳስ፣ ዱላና ጓንት የሚሸጥ ሰው ጨዋታው በሌላ አገር ቢለመድለት ገበያው እንደሚሰፋ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። የራሱን ቡድንና ከሌሎች ክለቦች የተውጣጣ «ኦል አሜሪካ» የተባለ ተፎካካሪ ይዞ በኦክቶበር ከቺካጎ ተነሣ፤ በኖቬምበር ከሳን ፍራንሲስኮ አላሜዳ በምትባል መርከብ ተሳፈረ። ጉዞው መጀመሪያ የታወጀው የአውስትራሊያ ጉዞ ተብሎ ነበር። ዓለምን ዞረው እንደሚመለሱ የተወሰነው መንገድ ከጀመሩ በኋላ ነው።

በሃዋይና በኒውዚላንድ በኩል አልፈው በዲሴምበር አጋማሽ ሲድኒ ደረሱ። ቅዳሜ ዲሴምበር 22 ቀን በሜልቦርን ክሪኬት ሜዳ ተጫወቱ። ጊዜው በእኛ አገር አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከመውደቃቸው ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነበር። ሜልቦርን ያን ጊዜ በሀብት ሰክራለች፤ የመሬት ዋጋ በየሳምንቱ ይንራል፤ አውስትራሊያ በእንግሊዞች የተያዘችበት መቶኛ ዓመት በታላቅ ኤግዚቢሽን እየተከበረ ነው። አዲስ ነገር ለማየት ገንዘብም ጊዜም ያለው ሕዝብ ነበር። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ተመልካች ገባ። ቺካጎ 5 ለ 3 አሸነፈ።

ቡድኖቹ ወደ አዴሌድ ሄዱ፤ ሲመለሱ ባላራት ላይ ተጫወቱ፤ የፈረንጆቹን አዲስ ዓመት ሜልቦርን ውለው በጃንዋሪ 5 የመጨረሻውን ግጥሚያ አደረጉ። በዚያ ቀን ኤድ ክሬን የሚባለው ወርዋሪ የክሪኬት ኳስ ከ117 ሜትር በላይ ወረወረ። ለአገሬው ሰው ከጨዋታው ውጤት ይልቅ ይህ ሳያስደንቀው አልቀረም፤ የውርወራ ርቀት ክሪኬት የሚያውቅ ሁሉ የሚለካው ነገር ነውና።

አሁን ስለ ክላረንስ ዱቫል ልናገር። ከቡድኖቹ ጋር ይጓዝ የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት ነው። ይዘፍናል፣ ይደንሳል፤ ቡድኖቹ ወደ ሜዳ ሲገቡ ባለማዕረግ ወታደር የሚያስመስል ልብስ ለብሶ ዱላውን እያሽከረከረ ከፊት ይሄዳል። የተወሰደው ለቡድኑ ዕድል ያመጣል ተብሎ ነው። የቺካጎ አለቃ ካፕ አንሰን ከጥቁር ተጫዋች ጋር አንድ ሜዳ ላይ አልቆምም በማለት የታወቀ ሰው ነበር፤ በ1900 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩም ዱቫልን በስድብ ነው የሚያነሣው። ኋላ ካይሮ በደረሱ ጊዜ የኳስ ተቀባይ የፊት መከላከያ አጥልቀው፣ በገመድ አስረው በባቡር ጣቢያ እንደ ዝንጀሮ ጎተቱት። ይህን የጻፉት ራሳቸው ተጓዦቹ ናቸው፣ እንደ ቀልድ አድርገው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ጆን ጆሴፍን በትከሻው የተሸከመ ከተማ፣ የእንግዶቹን ሰልፍ እየመራ የሚያልፈውን ይህን ወጣት እያጨበጨበ ተመለከተ። የስፖልዲንግን ጉዞ እንደ ታላቅ ጀብዱ ብቻ የሚተርኩ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። ያለ ዱቫል የሚነገር ከሆነ ግን ትረካው ጎዶሎ ነው።

የኦል አሜሪካው አለቃ ጆን ዋርድ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነበረበት። የተጫዋቾች ማኅበር መሪ ነበር። እሱ ባሕር ላይ ሳለ የክለብ ባለቤቶች አገር ቤት ተሰብስበው ተጫዋቾችን በደረጃ የሚከፋፍልና ደመወዛቸውን ከ2,500 ዶላር እንዳይበልጥ የሚገድብ ደንብ አወጡ። ዋርድ ጉዞው ሳያልቅ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ተመለሰ፤ በ1890ም ተጫዋቾቹ የራሳቸውን ሊግ አቋቋሙ። አንድ ዓመት ብቻ ቆየ።

በጃንዋሪ 1889 መጀመሪያ ላይ የተሳፈሩባት መርከብ መልሕቋን አንሥታ ወደ ሲሎን አቀናች። ስፖልዲንግ፣ አንሰን፣ ዋርድ፣ ዱቫል ሁሉም ሄዱ። አንድ ሰው ግን ቀረ፦ ሃሪ ሲምፕሰን። የስፖልዲንግ ረዳት ሆኖ የመጣ ሰው ነው፤ ሥራው ጨዋታውን በአውስትራሊያ ማስተማርና ክለብ ማቋቋም ነበር። የሜልቦርን ቤዝቦል ታሪክ ለእኔ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በክሪኬት ሜዳ የተሰበሰበው 10 ሺህ ሰው አንድ ቅዳሜ አይቶ ወደ ቤቱ ገብቷል፤ በሳምንቱ ሜዳ የሚወጣ አሥራ ስምንት ሰው ማግኘት ግን የሲምፕሰን ዕዳ ሆነ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የሚያስተምራቸው ሰዎች ክሪኬተኞች ነበሩ። ክሪኬተኛ ጠፍጣፋውን ዱላ ወደ መሬት አዘንብሎ ይቆማል፤ ኳሷ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ነክታ ነው የምትደርሰው። የቤዝቦል ኳስ ግን በአየር ላይ እንዳለች በደረትና በጉልበት መካከል ታልፋለች፤ ዱላው በትከሻ ላይ ተይዞ በአግድም ነው የሚወነጨፈው። ክሪኬተኛ ኳሷን መትቶ መሮጥ ካልፈለገ ባለበት ይቆማል፤ ቀኑን ሙሉ ቢቆምም የሚያስወጣው የለም። በቤዝቦል ኳሷ በመስመሩ ውስጥ ከወደቀች መሮጥ ግዴታ ነው። ለዓመታት «ረጋ በል» ሲባል ያደገ ሰው ይህን ከእግሩ ጋር ማስታረቅ ጊዜ ይወስድበታል። ኳስ መያዝና መወርወር ላይ ግን ክሪኬተኞቹ ጥሩ ነበሩ።

ሕጉም ገና አልረጋም። በ1889 አሜሪካኖች መቺው ከአራት የተበላሸ ውርወራ በኋላ በነፃ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ እንዲሄድ ወሰኑ፤ አስቀድሞ አምስት ነበር። በ1893 ደግሞ ወርዋሪውን ወደ 18 ሜትር ከግማሽ ግድም አራቁት፤ እስከ ዛሬ ያለው ርቀት እሱ ነው። በሜልቦርን የሚማር ሰው ትናንት ያወቀውን ዛሬ መጣል ነበረበት፤ ወሬውም በመርከብ ፖስታ ነው የሚደርሰው።

እንዲህም ሆኖ ሲምፕሰን ተሳካለት። በሜልቦርንም በአዴሌድም ክለቦች ተቋቋሙ፤ ብዙም ሳይቆይ ቪክቶሪያና ደቡብ አውስትራሊያ እርስ በርስ መጋጠም ጀመሩ። አገልግሎቱ ግን አጭር ነበር። በ1891 በታይፎይድ ሞተ። ከአገሩ ከወጣ ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር በችግር ላይ ነው። የመሬቱ ገበያ ፈረሰ፤ በ1893 ባንኮች ተራ በተራ ተዘጉ፤ የሜልቦርን ሕዝብ ሥራ ፍለጋ ከከተማው ተሰደደ። ስፖርት የሚደግፍ ገንዘብ ጠፋ። ቤዝቦሉ የተረፈው ከክሪኬት ጋር በመጣበቁ ነው። ክሪኬት የበጋ ጨዋታ ነው፤ ክረምት ሲገባ ክሪኬተኞች ዓይናቸውና ክንዳቸው እንዳይዝል ቤዝቦል ይጫወታሉ። ይህ ልማድ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ። ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ በሜልቦርን ክረምት የአገሬው እግር ኳስ ወቅት ነው፤ ሕዝቡም ሜዳውም የእሱ ነው። ቤዝቦል በራሱ አገር የበጋ ንጉሥ ሲሆን እዚህ የክረምት ጥገኛ ሆነ።

በ1897፣ ከዓድዋ ድል በኋላ በዓመቱ፣ አውስትራሊያውያኑ ድፍረት አደረጉ፤ ጨዋታውን ወደ መጣበት አገር ይዘው ሄዱ። ሐሳቡ የሃሪ መስግሮቭ ነው፤ ቀደም ባለው ዓመት የአውስትራሊያን ክሪኬት ቡድን ወደ እንግሊዝ የመራው እሱ ነበር። ከተጓዦቹ አንዱ ፍራንክ ሌቨር ነበር፤ በቪክቶሪያ ካስልሜን የተወለደ፣ ኋላ በ1905ና በ1909 የአውስትራሊያን ክሪኬት ቡድን ወደ እንግሊዝ ይዞ የተጓዘ፣ በ1909 ማንችስተር ላይ በአንድ ዙር ስምንት እንግሊዛውያንን ያስወጣ ሰው። እንግዲህ የቡድኑ አባላት መናኛ ስፖርተኞች አልነበሩም። ነገር ግን ከካሊፎርኒያ እስከ ምሥራቁ ዳርቻ አብዛኛውን ጨዋታ ተሸነፉ፤ ተመልካቹ አነሰ፤ ገንዘቡ አለቀ። ተጫዋቾቹ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት መሳፈሪያ አጥተው ተቸገሩ። የስምንት ዓመት ያህል ልምድ ይዘው ከአሜሪካኖች ጋር አህጉር አቋርጠው መጋጠማቸውን ሳስብ ግን ሽንፈታቸውን ለመቁጠር እጄ አይሄድም።

በእነዚያ ዓመታት አንድ አውስትራሊያዊ ብቻ በአሜሪካ ትልቁ ሊግ ይጫወት ነበር። ጆ ክዊን ይባላል፤ የተወለደው በኩዊንስላንድ ሲሆን በልጅነቱ ነው ወደ አሜሪካ የሄደው። ከ1884 እስከ 1901 ተጫወተ፤ ሁለት ቡድንም አሠልጥኗል። ከእሱ በኋላ ሌላ አውስትራሊያዊ በዚያ ሊግ ለማየት እስከ 1986 መጠበቅ አስፈለገ።

ቀጥሎ ያሉት ዐሥርት ዓመታት እንግዳ ሲመጣ መድመቅ፣ እንግዳ ሲሄድ መቀዝቀዝ ናቸው። በ1908 ዐሥራ ስድስት የአሜሪካ የጦር መርከቦች ሜልቦርን ሲቆሙ ከመርከበኞቹ ጋር ግጥሚያ ተደረገ። በጃንዋሪ 1914 የኒውዮርክ ጃያንትስና የቺካጎ ዋይት ሶክስ ዓለምን ሲዞሩ በከተማዋ አለፉ፤ ከጃያንትስ ጋር ከመጡት አንዱ፣ በ1912 ኦሊምፒክ ሁለት ወርቅ አግኝቶ በዓመቱ የተነጠቀው የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ተወላጅ ጂም ቶርፕ ነበር። በ1934 ከአዴሌድ ኖሪ ክላክስተን የተባለ ሰው ክፍለ አገሮቹ በየዓመቱ እንዲወዳደሩበት ጋሻ ሰጠ፤ የክላክስተን ጋሻ እስከ ዛሬ የአገሪቱ ትልቁ የቤዝቦል ዋንጫ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1943፣ ከጓዳልካናል የተመለሱ የአሜሪካ ማሪኖች ያው የስፖልዲንግ ቡድኖች የተጫወቱበት የሜልቦርን ክሪኬት ሜዳ ውስጥ ሰፈሩ።

በዚህ ሁሉ መሐል ጨዋታውን ይዘው ያቆዩት የከተማው ክለቦች ናቸው። ታላቁ ክሪኬተኛ ቢል ፖንስፎርድ ለቪክቶሪያ ቤዝቦል ተጫውቷል፤ ቦታው ከመቺው ኋላ የሚቀመጠው ኳስ ተቀባይ ነበር። ሌላው ክሪኬተኛ ኒል ሃርቪም ለቪክቶሪያ ተጫውቷል። በክሪኬት ዓለም ያወቃቸው ሁሉ፣ በክረምት ቅዳሜ በጭቃ ሜዳ ጥቂት ሰው ፊት ቤዝቦል ሲጫወቱ የኖሩ መሆናቸውን ላያውቅ ይችላል።

ዲሴምበር 1 ቀን 1956 ቅዳሜ ነበር። ሜልቦርን ኦሊምፒክ እያስተናገደች ነው፤ ቤዝቦል ለማሳያ ያህል አንድ ግጥሚያ ተፈቅዶለታል። የአውስትራሊያ ቡድን በሩቅ ምሥራቅ ከሚያገለግሉ የአሜሪካ ወታደሮች ጋር ተጋጠመ። ሲጀመር በዚያ ግዙፍ ስታዲየም የነበረው ጥቂት ሺህ ሰው ነው። ነገር ግን በዚያው ሜዳ የአትሌቲክስ ውድድር ይቀጥላልና ሕዝቡ እየገባ መቀመጫውን ሞላ፤ በስድስተኛው ዙር አሜሪካኖቹ 11 ለ 5 አሸንፈው ሲያበቁ በስታዲየሙ 114,000 ሰው እንደነበረ ይነገራል። በሎስ አንጀለስ በ2008 115,300 ሰው እስኪገባ ድረስ በቤዝቦል ታሪክ ከዚያ የበለጠ ተመልካች የታየበት ጨዋታ አልነበረም። ሕዝቡ የመጣው ለቤዝቦል ነው ማለት ግን አይቻልም።

ለማን መጣ? ለእኛ አንባቢ ይህን መንገር ደስ ይለኛል። በዚያው ቀን የማራቶን ውድድር ነበር። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ባሻዬ ፈለቀና ገብሬ ብርቃይ ከዚያ ስታዲየም ተነሥተው ሮጡ፤ ባሻዬ 29ኛ፣ ገብሬ 32ኛ ሆነው ጨረሱ። አሸናፊው ለፈረንሳይ የሮጠው የአልጄሪያ ተወላጅ አላን ሚሙን ነበር። ማሞ ወልዴ በዚያ ኦሊምፒክ በመካከለኛ ርቀት ተወዳድሯል፤ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅ ያጠለቀው እሱ ነው። ለብዙ ዓመታት አትሌቶቻችንን ያሠለጠነው ንጉሤ ሮባም የ100 ሜትር ሯጭ ሆኖ ሜልቦርን ነበር። የአውስትራሊያ ቤዝቦል ትልቁ ቀንና የኢትዮጵያ ማራቶን የመጀመሪያ ቀን አንድ ቅዳሜ ናቸው።

ሜልቦርን የራሷን የቤዝቦል ሜዳና ደመወዝተኛ ቡድን ለማየት ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠበቀች። በ1989 የአውስትራሊያ ቤዝቦል ሊግ ሲመሠረት ከከተማዋ ሜልቦርን ሞናርክስና ዌቨርሊ ሬድስ ገቡ፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሬድስ ወሰደ፤ ሞናርክስ በ1992–93 ወቅት ሻምፒዮን ሆነ። የአሜሪካ ክለቦች ወጣት ተጫዋቾቻቸውን በክረምታቸው ለልምምድ ይልኩ ነበር፤ ሊጉም በአውስትራሊያ በጋ ይካሄድ ነበር። በ1990 በከተማዋ ምዕራብ፣ ላቨርተን አጠገብ፣ ለቤዝቦል ተብሎ የተሠራው ሜልቦርን ቦልፓርክ ተከፈተ።

ከጎረቤት ከተማ ጂሎንግ የተነሣው ግሬም ሎይድ በ1993 በሚልዎኪ ቡድን ወርዋሪ ሆኖ ከኩዊንስላንዱ ዴቭ ኒልሰን ጋር ተጣመረ፤ በትልቁ ሊግ ወርዋሪውም ተቀባዩም አውስትራሊያዊ ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነው። ሎይድ ወደ ኒውዮርክ ያንኪስ ተዛውሮ በ1996ና በ1998 የሊጉን ታላቅ ዋንጫ አነሣ። አገር ቤት ግን ሊጉ ገንዘብ አጥቶ በ1999 ፈረሰ። ተጫዋቾቹ አልፈረሱም፤ በ2004 አቴንስ ላይ ጃፓንን በግማሽ ፍጻሜ 1 ለ 0 አሸንፈው፣ ለኩባ ተሸንፈው የኦሊምፒክ ብር ይዘው ተመለሱ። ሊጉ በ2010 እንደገና ቆመ። የከተማዋ ቡድን ሜልቦርን ኤሲስ ይባላል። በ2020ና በ2021 ተከታትሎ የክላክስተንን ጋሻ ወሰደ።

ኤሲስ ሲጫወት የኖረው ላቨርተን አጠገብ ባለው በዚያው ቦልፓርክ ነው። በፉትስክሬይና በምዕራቡ ሰፈሮች ለሚኖረው ወገናችን ቅርብ ነው፤ በዌሪቢ መስመር ባቡር ተሳፍሮ ላቨርተን መውረድ ይቻላል። በየአካባቢው ልጆች የሚያሠለጥኑ ክለቦችም አሉ። የሮጡ አባቶቻችንን ታሪክ እየሰሙ የሚያድጉ ልጆች ሌላ ጨዋታም ቢሞክሩ የሚያጡት የለም፤ በጋ ሲገባ አንድ ቅዳሜ ይዛችኋቸው ሂዱ።